ጃኖ ያስተማረው ቡችላ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ማለቱን ተዉትና ዛሬ «የውሾች በረት» በሉኝ።

ጃኖ የሚባል ጥርሱ ያለቀ ውሻ ነበረ። እመቤቱ «ቡችላውን ጥበቃ አስተምረው፤ ግልገሌን ጅብ ከበላት ከደጄ ትወጣታለህ!» አሉት።

ቡችላው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ቅጠል ሲወድቅ ይጮሃል፣ ዶሮ ስታስነጥስ ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ጃኖ በቀረችው ጥርሱ ጆሮውን ነከስ እያደረገ «ዝም በል! አናቴን አዞርከው እኮ!» ይለዋል። ወር ሙሉ ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ሌላዋን የቤቱን ውሻ፣ ፈሪዋን ሻሼንማ ማን ያስተምራታል! ጎተራ ሥር ተወሽቃ ነው የምትውለው።

አንድ ቀን ሲመሻሽ፣ ጃኖን ሸለብ እንዳደረገው፣ ጅብ ገብቶ ግልገሏን በእግሯ ያዘ። ሻሼ ደንግጣ ከጎተራው ሥር ጩኸቷን አቀለጠችው። ሰፈሩ ዱላውን ይዞ ሲወጣ ጅቡ ግልገሏን ጥሎ ፈረጠጠ።

ጃኖ ሲነቃ ቡችላው በሩ ላይ ጭጭ ብሎ ተቀምጧል።

«አንተ ከይሲ! ጅቡን አላየኸውም?»

«አየሁት እንጂ ጋሼ፣ በአጠገቤ ነው ያለፈው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ቡችላው ጅራቱን ቆላ። «ዛሬስ ጎበዝ አይሉኝም?»

ጃኖ በማግስቱ ቡችላውን አስከትሎ ጎተራው ሥር ገባና «ሻሼ እህቴ፣ እስቲ ጠጋ በይልን፤ እኛም ካንቺ እንማር» አላት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ካለቀም አፌን በቆሎ አብሱ!