ያኮረፈ ጆሮ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደገኛ ነው። አንዲት ልጁን ቆላ ከዳረ ወዲህ ቤቱ ጭር ያለበት። የውብዳር፣ ደህና አድርገሽ ስሚኝ። «የኔታ፣ ከወንድሜ ከተኳረፍን ከረምን፤ በመጣ በሄደው ‹ሰላም በሏት› ከማለት በቀር እንዴት አንድ ቀን እንኳ ናፈቅሽኝ አይለኝም?» ብለሽ አይደል የጠየቅሽኝ?

ሰውየውን ናፍቆት አላስቀምጥ አለው። ልጁ ጠዋት ጠዋት «አባዬ፣ ተነሣ እንጂ፣ ፀሐይ ቀደመችህ!» ስትለው የነበረው ድምፅ ይመላለስበታል። ጉንፋን ይዞት ነበርና «እስኪሻልህ ቆይ» ቢሉት፣ ወይ ፍንክች! በቅሎውን ጭኖ ቁልቁል ወረደ። ቆላው ሲቃረብ ጆሮው ድፍን አለ። የገዛ ድምፁ እንስራ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ይጮኽበታል፤ የሰው ድምፅ ግን ከወንዝ ማዶ ሆነበት።

ልጁ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ተናገረችም። ከንፈሯን ያያል፤ ያን የናፈቀውን ድምፅ ግን አጣው። ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በስንጥር ጎረጎረ፣ ቅቤ አስንቆረቆረ። ምን ሊረባ! ጆሮውን አደማው እንጂ። እሷ ደጋግማ ብትናገር፣ «ምን ታንሾካሹኪያለሽ? መምጣቴ ከበደሽ?» አላት። «ኧረ አባዬ!» ብትል መች ሰምቶ። ጭራሽ አኮረፈ።

እኛ አገር ሰው ሲያኮርፍ ማንን ይበቀላል? ሆዱን! ማዕድ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና አፉን ገጥሞ ተኛ።

ያላወቀው ነገር ነበር። ጆሮ ከሚታየው ቀዳዳ ሌላ በውስጥ በኩል፣ ከአፍንጫ ጀርባ የሚወጣ ቀጭን መተንፈሻ አለው። ጉንፋን ያሳብጠዋል፤ ቁልቁለት ሲወረድ ይብስበታል። የሚከፈተው ሰው ሲያዛጋ፣ ሲያላምጥ፣ ሲውጥ ነው። እሱ ደግሞ አፉን ዘግቷል።

በማግስቱ ልጁ ጠቅልላ አፉ ዘንድ ይዛ ቆመች። ትንሽ ሳለች እሱ ነበር የሚያጎርሳት። አንጀቱ አልቻለም፤ ንዴቱን ዋጠና ጎረሰ። ጆሮው ግን እንደ ተደፈነ ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል የሚባለው? ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አተልቃ ጠቀለለችለት። አላምጦ ሲውጠው ጆሮው ውስጥ ጧ አለ። እሷም ከትናንት ጀምራ የምትለውን እያለች ነበር፦

«አባዬ፣ በናፍቆትህ ልሞት ነበር።»

ሰውየው አለቀሰ፤ ኩርፊያውም አበቃ።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ነሽ። የወንድምሽን ቃል ከውጭ ትጎረጉሪያለሽ፤ ‹እንዲህ ማለቱ ምን ሊል ነው?› እያልሽ ራስሽን ታደሚያለሽ። ተይው። ንዴትሽን ዋጥ አድርጊና ቤቱ ሂደሽ ከማዕዱ ብዪ፤ በአንዴ ካልሆነ ድገሚው። ለጆሮስ ከሰነበተ ሐኪም አለለት፤ ለኩርፊያ ግን ማን አለ? ወንድምሽ በመጣ በሄደው ሁሉ ‹ሰላም በሏት› ሲል ከርሟል። ምን ያለሽ መሰለሽ?