እማማ ዘርፌ የተቀመጡበት መኪና

ተረት ልነግራችሁ ነው። ረጅም አይደለም። የሚሰማ ጆሮውን ያቅና፣ የሚያንቀላፋም ግድግዳ ይደገፍ።

ድሮ ድሮ፣ ሰው የሰለቸውን መኪና እንስሳት እየተቀበሉ በሚገለገሉበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር የጃርት ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባትየው ደምሰው ይባላል። እናትየው ይርገዱ ትባላለች። ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። የደምሰው እናት እማማ ዘርፌም አብረዋቸው ይኖራሉ። የእማማ ዘርፌ ጉልበት ደክሟል፤ አፋቸው ግን አልደከመም።

ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይሞላል። ሲሞላ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ጋራው መሸሽ አለበት። ሌላው እንስሳ ሲሸሽ የደከመውን ያዝላል። ጃርት ግን ጃርትን ማዘል አይችልም። አምና ደምሰው እናቱን ለማዘል ሞክሮ ሁለቱም ጮኸው ተላቀቁ። እማማ ዘርፌ እየተንፏቀቁ ጋራው ላይ ሲደርሱ ውሃው ጅራታቸውን እያራሰ ነበር። ዘንድሮ ጉልበታቸው ከአምናው ብሷል። በእግር ከሆነ እንደማይደርሱ ሁሉም ያውቃል። አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

እኔም ያደግሁት ወንዝ ዳር ነው። የታዘለውንም ያልታዘለውንም አይቻለሁ። ወደ ተረቱ እንመለስ።

መኪና እንግዛ ያለችው ይርገዱ ናት። ሁላችንን የሚይዝ ሚኒባስ ይሁን፣ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም አለች።

መኪና የሚያሻሽጠው ደላላ ቁራ ነበር። ሜዳው ላይ ሚኒባሶች አሰልፎ፣ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ጣሪያ እየዘለለ ያወራል። በዚያ ዘመን መኪኖች ራሳቸው ይናገራሉ፣ ራሳቸውም ይሄዳሉ። ሹፌር የመጣው በኋላ ነው፤ ጭቅጭቅም አብሮት መጣ።

መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሁሉ መኪና የሚያውቅ ዘመድ ይዞ ይሄዳል። ጃርቶቹም አባ ኤሊን ይዘው ሄዱ፤ ልጆቹና እማማ ዘርፌም ተከተሉ። አባ ኤሊ መኪና ያውቃሉ የተባለው ጀርባቸው የመኪና ጣሪያ ስለሚመስል ነው። ሌላ ማስረጃ አልነበረም።

ቁራ በደስታ ተቀበላቸው። ጥላ ስር አስቀምጦ ቆሎ አቀረበ። ብሉልኝ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ እያለ አፋቸውን ሞላው። የሰው ቆሎ እያኘኩ ጥያቄ ማብዛት እንደሚያሳፍር ታውቃላችሁ። ጃርት ደግሞ ይሉኝታ ያጠቃዋል። እሾሁ ሰው እንዳይነካ ሲል፣ በሰው ቤት ጥግ ይዞ ቆሞ ነው የሚውለው።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ነጭ ነበር። ያብረቀርቃል። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም።

"እኔ በሴት እጅ የተያዝኩ ነኝ" አለ ነጩ አፉን ሰብሰብ አድርጎ። "ከቤት ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ቤት። ሌላ መንገድ አላውቅም።"

ደምሰው ዞረው። ይርገዱ ዞረችው። ልጆቹ በመስታወቱ ራሳቸውን አዩ። አባ ኤሊም ሊዞሩት ጀመሩ። ጎማ በእርግጫ መምታት ወግ ነው፤ እሳቸው እግራቸው ስለማይደርስ በጭንቅላታቸው ገጩት። ገብቶ የተቀመጠ ግን የለም። ላስቲኩን እንዳይበሱት ፈሩ።

ይርገዱ ለባሏ በጆሮው፣ ለመሆኑ እንዴት ነው የምንቀመጥበት አለችው። ደምሰው አሰበና ቆመን እንሄዳለን አላት።

እማማ ዘርፌ ይህን ሰሙ። ቆሎውን እሳቸውም በልተዋል፤ ግን ረስተውታል። ማንንም ሳይጠይቁ ገብተው ቁጭ አሉ።

ላስቲኩ ጧ አለ። ነጩ ጮኸ፤ ሲጮህ ተንቀጠቀጠ፤ ሲንቀጠቀጥ ጎኑ ላይ የተለሰነው ስቱኮ ከነቀለሙ ረገፈ። ከስቱኮው ስር ዝገት ወጣ። ከዝገቱ ስር ቀዳዳ ወጣ። በቀዳዳው እማማ ዘርፌና ቁራ ተያዩ።

"ለቅሶው የራስህ ነበር እንዴ?" አሉት ነጩን ሲወርዱ።

ደምሰው አፈረ። ቁራን ይቅርታ ጠየቀው። ቁራ ይቅርታውን ተቀበለና ቆሎ ጨመረ።

ሁለተኛው ቀይ ነበር። መስታወቱ ጥቁር፣ ዘፈኑ ከሩቅ የሚሰማ። ደምሰው ስለ ዳገት ሊጠይቀው ፈልጎ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ስለ ጤናው ጠየቀው። ስለ ቤተሰቡ ጠየቀው። ስለ ዝናቡ ጠየቀው። በመጨረሻ፣ ካላስቸገርኩህ ዳገት ላይ እንዴት ነህ አለው።

"ዳገት?" አለ ቀዩ። "ወንድሜ፣ ዳገት ለእኔ ሜዳ ነው። ሜዳ ለእኔ ቁልቁለት ነው።"

"ቁልቁለትስ?"

"እሱን አልነግርህም። ትደነግጣለህ።"

ልጆቹ በዘፈኑ መጨፈር ጀመሩ። ቁራ ጣሪያው ላይ ሆኖ እስክስታ መታ። ደምሰው እሺ ሊል አፉን ከፈተ።

"ዘፈኑን ቀንሰው" አሉ እማማ ዘርፌ።

ቀዩ ያልሰማ መሰለ። ቁራም ያልሰማ መሰለ። ይርገዱ አማቷን በቀስታ ነካ አደረገቻቸው፤ ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ዘፈን ቀንሱ አይባልማ።

"ቀንሰው አልኩህ።"

ቀነሰ። ያን ጊዜ ከስር ሌላ ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ነው። ያስላል፣ ያቃስታል፣ ደግሞ ያስላል። ዘፈኑ ጨርሶ ሲቆም ሞተሩም አብሮ ቆመ።

"ጋራውን የምትወጣው በየትኛው ዘፈን ነው?" አሉት እማማ ዘርፌ። "ንገረንና እናጥናው።"

ደምሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጃርት ስለሆነ ጥቂት ቆፈረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በጋራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የወንዙ ድምፅ ተለውጧል። ቁራ ነገ ተመለሱ፣ አዳዲስ ይገባሉ አላቸው። እማማ ዘርፌ ግን ከሰልፉ ኋላ የቆመ አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ አዩ። ጣሪያው ላይ ዶሮ ተኝታለች።

"ያስ?"

"እሱን ይተዉት እማማ" አለ ቁራ አፈር ብሎ። "እሱ ዶሮ ወደ ገበያ ሲያመላልስ የኖረ ነው። ለቤተሰብ አይሆንም።"

እማማ ዘርፌ እየተንፏቀቁ ወደ ሰማያዊው ሄዱ። ቀና ብለው አዩትና ልግባ አሉት።

"ይግቡ እናቴ" አለ ሰማያዊው። "በሩን ሳብ፣ ከዚያ ከፍ ያድርጉት። ካልሆነ ይወድቅብዎታል።"

ገቡ። ወንበሩ ላስቲክ የለውም፤ ጭድ የተሞላ ጆንያ ነው። ተቀመጡ። እሾሃቸው ጭዱ ውስጥ ገባ።

"አልወጋሁህም?"

"ወግተውኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዶሮ ሲጭረኝ ነው የኖርኩት፤ ይሄ ይሻላል።"

"ዳገት ትወጣለህ?"

"እወጣለሁ። ግን እያማረርኩ ነው።"

"ፍሬንስ አለህ?"

"ቀደም ብለው ከነገሩኝ እቆማለሁ።"

ሌላስ ምን አለብህ ቢሉት፣ ሰማያዊው ጥቂት አሰበና መናገር ጀመረ። ብርድ ሲሆን ካልገፉት አይነሳም። ዘይት ይጠጣል። ክላክሱ በራሱ ጊዜ ይጮኻል፤ በተለይ ሰው በተኛበት ሰፈር። ዶሮ ዶሮ ይሸታል፤ ይህ ደግሞ ታጥቦም አይለቅም። ቁራ በክንፉ ፊቱን ሸፈነ። ራሱን እንዲህ የሚያስተዋውቅ ዕቃ ገጥሞት አያውቅም።

ደምሰው መጥቶ አየ። ጆንያውን አየ፣ ኩሱን አየ። ጋራው ላይ የምትኖረውን ሚዳቋ አሰበ። ጃርቶች በዶሮ መኪና መጡ ብላ ላገር ስታወራ ታየው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እናስብበት" አለ።

በእኛ አገር እናስብበት ማለት እምቢ ማለት ነው። ሰማያዊውም ያውቀዋል። 

"እማዬ፣ ውረጂ" አለ ደምሰው።

"አልወርድም።"

"ሰው ምን ይለናል?"

ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ በወንዙ ሲወርድ ይሰማል። እማማ ዘርፌ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ደምሰው፣ ውሃ ቢወስደኝ ሰው ሁሉ መጥቶ ያለቅስልሃል። ደግ ልጅ ነበር፣ ምን ያድርግ ይሉሃል። አንድም ሰው አያማህም። እኔ ግን የለሁም። ስለዚህ እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ የሚመጣ ይምጣ።"

 ቀድማ የገባችው ይርገዱ ናት። ልጆቹ ተከተሏት። ደምሰው ለግዢው ያመጣውን የድንች ከረጢት ለቁራ ሰጠውና በሩን ሳብ፣ ከዚያ ከፍ አድርጎ ዘጋው።

ሰማያዊው አልተነሳም። የጀመረው ዝናብ አቀዝቅዞታል።

መግፋት የደምሰው ድርሻ ሆነ። ጃርት ደግሞ ጉልበቱ ያለው በጀርባው ነው። ከኋላ ዞሮ ቆመና አመነታ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አለው። "ልወጋህ ነው።"

"ውጋ እንጂ" አለ ሰማያዊው። "ውሃው ይቅርታ እየጠየቀ የሚመጣ መሰለህ?"

ደምሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ እሾሁን አቁሞ፣ በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ ገፋ። ሰማያዊው ክላክሱን እያስጮኸ ዘለለና ተነሳ። ደምሰው ሮጦ ተንጠለጠለ።

በነጩ በኩል ሲያልፉ አባ ኤሊ ገና ዙረቱን አልጨረሱም። ምርመራ ላይ ነኝ፣ አታቋርጡኝ አሉ። ልጆቹ ወርደው፣ አንስተው አስገቧቸው።

ዳገቱ ተጀመረ። ውሃው ከኋላ ይከተላል። ሰማያዊው ከባድ ናችሁ አለ፤ ወጣ። መንገዱ ጭቃ ነው አለ፤ ወጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ መኪና ጥላ ስር ቆሞ ዶሮ ያስተኛል አለ፤ ወጣ። ሲያማርር ይወጣል፣ ዝም ሲል ይዳከማል። ይህን ሲያዩ ልጆቹ አንዳች ነገር እየፈለጉ ያናድዱት ጀመር። ውሃው አጋማሹ ላይ ቀረ፤ እነሱ ጫፉ ላይ ደረሱ።

ሚዳቋ ዛፍ ስር ቆማ ዝናብ ይመታታል። አየቻቸው። አሸተተች።

"ደምሰው፣ ይሄ የዶሮ መኪና አይደለም እንዴ?"

ደምሰው ወደ ኋላ ዞሮ አየ። እማማ ዘርፌ ጭዱ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ከራስ እስከ ጅራታቸው አንድም የራሰ ነገር የለም።

"ነው" አለ። "ቦታ አለ፤ ትገቢያለሽ?"

ሚዳቋ ግራ ቀኝ አየች። ማንም አላያትም። ገባች።

እናንተም መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ዘፈኑንም አስቀንሱ። ጠይቆ ያፈረ ጋራው ላይ ይደርሳል፤ አፍሮ ዝም ያለው ላይ ውሃ ይደርስበታል።

ተረቴ ደርሳለች። ወራጅ ካለ ይውረድ። እማማ ዘርፌ ግን እስከ ዛሬ አልወረዱም።