ዋስ ያጣችው ሲስተር የሺመቤት

ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የተረቱን ሰንሰለት ስደግም ማንም እንዳያቋርጠኝ። መሳቅ የፈለገ እስከ መጨረሻው ይታገሥ።

ከተቀጠረች ሳምንት ያልሞላት ነርስ፣ ሲስተር የሺመቤት፣ የምትሻው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፦ በትኩሳት የሚቃጠለው የወይዘሮ ዝናሽ ሕፃን የደም ምርመራ ውጤት። ያለ እርሱ ሐኪሙ መድኃኒት አያዝም። ውጤቱ የተቀመጠው ከከተማው ማዶ ባለ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስሟን ጻፈች።

«አላውቅሽም» አለ ላቦራቶሪው። «የሆስፒታልሽ የሠራተኞች መዝገብ ዋስ ከሆነሽ ግን ሌላ የይለፍ ቃል ሳልጠይቅ እከፍትልሻለሁ።»

ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ዞረች። «ዋስ ሁነኝ! ላቦራቶሪው አይከፍትም፣ ሕፃኑም መድኃኒት አያገኝም።»

«የሰው ሀብት ኃላፊው ሳይመሰክሩልሽ ዋስ አልሆንም።»

ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ገዛኸኝ ሮጠች። «ጋሼ፣ ይመስክሩልኝ! መዝገቡ ዋስ አይሆንም፣ ላቦራቶሪው አይከፍትም፣ ሕፃኑም መድኃኒት አያገኝም።»

«የእናቴ ልጅ ብትሆኚ እንኳ ከኮሌጅሽ ማረጋገጫ ሳይመጣ አልመሰክርም። ጥያቄውን ልኬያለሁ።»

ለኮሌጁ ሬጅስትራር ለወይዘሮ ስንዱ ደወለች። «እትዬ፣ ማረጋገጫውን ይላኩልኝ! ጋሽ ገዛኸኝ አይመሰክሩም፣ መዝገቡ ዋስ አይሆንም፣ ላቦራቶሪው አይከፍትም፣ ሕፃኑም መድኃኒት አያገኝም።»

«እንዴት ብዬ ልላክ? እኔ ያስመረቅኋት የሺመቤት የተወለደችው በ1984 ነው። ከእናንተ የመጣው ጥያቄ 1992 ይላል። አንቺ ማን ነሽ፣ ታናሽ እህቷ?»

ሲስተር ስልኩን ሳትዘጋ ተመለሰች። «ጋሼ፣ ማን በስምንት ዓመት አሳነሰኝ? እትዬ ስንዱ ማረጋገጫ አይልኩም፣ እርስዎ አይመሰክሩም፣ መዝገቡ ዋስ አይሆንም፣ ላቦራቶሪው አይከፍትም፣ ሕፃኑም መድኃኒት አያገኝም!»

አቶ ገዛኸኝ መነጽራቸውን ወልውለው አዩ። የሆስፒታሉ ቅጽ የልደት ዘመንን የሚጠይቀው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ለኮሌጁ ሲጽፉ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱን ዘንግተውታል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ምነው እኔንም እንዲህ የሚያሳንሰኝ ባገኘሁ!»

አቶ ገዛኸኝ ዘመኑን አረሙ፤ ወይዘሮ ስንዱ ማረጋገጫውን ላኩ፤ አቶ ገዛኸኝ መሰከሩ፤ መዝገቡ ዋስ ሆነ፤ ላቦራቶሪው ከፈተ፤ ሐኪሙ አዘዘ፤ ሕፃኑም መድኃኒቱን አገኘ።

በማግስቱ ሲስተር የሺመቤት በሆስፒታሉ መዝገብ የይለፍ ቃሏን አንድ ጊዜ ብቻ አስገባች። ላቦራቶሪው ከፈተላት፤ ያላንኳኳችው የደም ባንክ እንኳ «ዋስሽን አውቀዋለሁ፣ ግቢ» አላት።

ትኩሳቱ የለቀቀው ሕፃን ግን ስሙን የጠየቀው ሳይኖር፣ ዋስም ሳይጠራ፣ የእናቱን ጡት ያዘ።