የባለጸጋው ውስጥ እግር

«አንድ ሰው ነበረ፤ ጉልበቱን ሊያስታምም ሄዶ እግሩን ሊያጣ ጥቂት የቀረው» ብለው ጀመሩ የኔታ ልሳነወርቅ።

የተጠየቁት ግን ስለ ጉልበትም ስለ እግርም አልነበረም። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አናጢው ይሁኔ፣ ሊጠይቃቸው መጥቶ አንድ ነገር አጫውቷቸዋል። ታላቅ ወንድሙ በአባታቸው ተዝካር ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነው። ቃሏ ትንሽ መሆኗን ይሁኔ ራሱ ያውቃል፤ አንስቶ ቢናገራት ሰው «በዚች ነው?» ብሎ ይስቅበታል። «ታዲያ የኔታ፣ በሆዴ ይዣት ብቀመጥ ምን ትጎዳኛለች?» ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም መልሱን ትተው ወደ ምሳሌው ገቡ።

ሰውየው ደገኛ ነው፤ ባለጸጋ፣ ጫማው አቧራ ነክቶት የማያውቅ። አንዲት ልጅ ነበረችው። ሠርጓ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ቁርጥማት ጉልበቱን ያዘው። ልጁን በገዛ እግሩ ቆሞ መርቆ ሳይሸኛት መቅረት ለእሱ ከሞት አይለይም። ሐኪሙም ቆላ ወርዶ ከሐይቅ ዳር፣ ሙቅ አሸዋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሃያ ቀን እንዲያርፍ መከረው። አላመነታም፤ ወረደ።

ያረፈው አንድ ዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። ዳርቻው ውብ ነበር፤ አሸዋው ነጭ፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ የዘንባባው ጥላ የማይጠገብ። ዓሣ አጥማጁ ግን ለእንግዳው ከሁሉ አስቀድሞ የነገረው ስለ ሙጃሌ ነው። ሙጃሌ ደረቅ አሸዋ ውስጥ የምትኖር፣ ከቁንጫ የምታንስ ተባይ ናት። ቆዳ በስታ ትገባና በሰው ደም እየወፈረች በእንቁላል ትሞላለች። ስለዚህ ፍየሎቹ ከሚተኙበት አሸዋ እንዲርቅ፣ ነጠላ ጫማውን እንዳያወልቅ፣ ሲቀመጥም ሰሌን እንዲያነጥፍ መከረው።

«ከሁሉ በላይ ደግሞ» አለው፣ «እኛ ዘንድ ፀሐይ ሳትጠልቅ እግር እንተያያለን። የገዛ ውስጥ እግሩን አጥርቶ የሚያይ ሰው የለም፤ አንዱ የሌላውን ያይለታል።»

እውነትም ያን ዕለት አመሻሹ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ደጅ ደጁ ላይ ተቀመጠ። አንዱ እግሩን ሌላው ጭን ላይ ያሳርፋል፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ይተያያሉ። የዓሣ አጥማጁ ሚስት የእንግዳውን እግር አጠበችው። እግር መታጠቡን በአገሩም ያውቀዋልና ደስ አለው። እሷ ግን አጥባ ስትጨርስ እግሩን ወደ ብርሃኑ አነሣችና ጣቶቹን ትፈለቅቅ ጀመር። ይኼኔ ሰበሰበው። እሱ አገር ሙጃሌ ጫማ የሌለው ሰው በሽታ ነው፤ እሱ ራሱ ሲናደድ ከብት ጠባቂውን «አንተ ሙጃላም» እያለ ይሰድበው ነበር። «ታጥቧል፣ ይበቃል» አላት። እንግዳ አይገደድምና እግሩን ለቀቀችው።

ቀኑ እየጨመረ ሲሄድ ጉልበቱ ተፍታታ። የአሸዋው ሙቀት በጣቶቹ መሀል ሲገባ እንደ ሕፃን ደስ ይለዋል፤ ነጠላ ጫማው ተረሳ፣ ሰሌኑም ተጠቅልሎ ቀረ። ጥላው እዚያ ይበረታል ብሎ የመረጠውም የፍየሎቹን ቦታ ነው። ፍየል ከሰው ይልቅ ጥላ ታውቃለች።

በስድስተኛው ቀን ትንሿ የእግር ጣቱ ሥር በላችው። አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ የምትታየውም እንዲያው በጭንቅ ነው። እውነቱን ለመናገር መብላቷ ደስ ይላል። ያክካታል፣ ይጥመዋል፣ ደግሞ ያክካታል። («ይሁኔ፣ ይህቺን ልብ በላት» አሉ የኔታ።) እሾህ ነው አለ ለራሱ። እሾሁ ግን በሦስተኛው ቀን ምስር አከለ፣ በአምስተኛው ሽንብራ። ያን ጊዜ ካልሲ አጥልቆ ጫማውን አደረገና እስከ ላይ አሰረው። ጫማ ማድረግ በነበረበት ጊዜ ባዶ እግሩን ሄደ፤ ማውለቅ በሚገባው ጊዜ ደግሞ ጫማ አደረገ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ለሠራተኞቹ ሁሉ ሲተርትላቸው ኖሯል። አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ጎንበስ አለና በሰንጢ ጫፍ ሊያወጣት ሞከረ። ማየት ስላልቻለ ጨመቃት። ሆዷ ፈነዳ፤ ግማሿ ውስጥ ቀረ። በማግሥቱ ጣቱ መግል ቋጠረ፣ እግሩ አበጠ፣ ያነክስ ጀመር።

ዓሣ አጥማጁ ማነከሱን አይቶ «ምን ሆኑ?» አለው።

«ጉልበቴ ነው» አለ ባለጸጋው። «ቁርጥማቱ ተመለሰብኝ።»

እነዚያ ደጎች ምን ያድርጉ? እንግዳቸው ጉልበቴን ካለ ለጉልበት የሚያውቁት መድኃኒት ሙቅ አሸዋ ነው። ጠዋትም ማታም አሸዋ እያመጡ እስከ ታፋው ድረስ ቀበሩት። ጫማውን እንዲያወልቅ ሲለምኑት ጭራሽ ካልሲውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ አሸዋው ግን በጫማው አፍ ገብቶ በካልሲው ቀዳዳ ያልፋል። አንዲቱ ሙጃሌ ሰባት ሆነች። ሠርጉ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር፤ እሱ ከአልጋው እስከ ደጃፉ መድረስ አቅቶታል። በሰው ፊት ባይሆንም ለብቻው አለቀሰ።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዓሣ አጥማጁ መርፌ ይዞ መጣና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀውም። የገዛ እግሩን አነሣና ባለጸጋው ጭን ላይ አሳረፈው።

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ ገበያ ውላለች» አለው። «እባክዎ የኔን ይዩልኝ።»

ባለጸጋው በዕድሜው የድሀ ውስጥ እግር አይቶ አያውቅም። የሚያደርገው ቢጠፋው አየ። ተረከዙ ዳር ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኘ፤ የእሱ በመጀመሪያው ቀን የነበረችውን የምታክል። ዓሣ አጥማጁ መርፌውን በእሳት አግሎ አቀበለውና ዙሪያዋን ቀስ ብሎ እንዲከፍት፣ እንዳይጨምቃት፣ ከነከረጢቷ እንዲያነሣት አሳየው። አነሣት። ዓሣ አጥማጁ እጁን ይዞ አመሰገነው፤ አላፈረም፣ አንገቱንም አልደፋም። ትላንትም ነበረችኝ፣ ነገም አትጠፋም አለ።

ባለጸጋው መርፌውን አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

«ወንድሜ» አለው፤ እስከዚያ ቀን «አንተ» ነበር የሚለው። «ጉልበቴ አልነበረም።»

ሚስትየው ከገበያ ስትመለስ ሰባቱንም አወጣችለት። አንድ ጥፍሩ ወደቀ፤ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ጣቱም አይተርፍም ነበር አለች። ለሠርጉ ደረሰ፤ እግሩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በነጠላ ጫማ፣ ግን ቆሞ። ልጁን መረቀ። ምን ሆኖ ነው ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማና በሰው ሁሉ ፊት «ሙጃሌ ነው» አለ። ይኼኔ የሙሽራው አጎት፣ ትልቅ ሹም ናቸው፣ «እኔንም ይዞኝ ያውቃል» አሉ።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ይሁኔ ዞሩ።

«የወንድምህ ቃል ሙጃሌ ናት ልጄ። ስትገባ ትንሽ ነበረች፤ በገዛ ደምህ ያሳደግሃት አንተ ነህ። ብቻህን ስትሆን ታክካታለህ፣ ደስም ትልሃለች፤ አትዋሸኝ። ለመሆኑ ወንድምህ ምን ሆንክ ሲልህ ምን አልከው?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት።»

«እሱስ?»

«እንግዲያው አላደክምህም ብሎ ለቤተሰብ ምክር መጥራቱን ተወ።» ይሁኔን ከቃሏ ይልቅ ያቆሰለው ይህ ነበር።

«አየህ፤ ጉልበቴ ነው አልከው፣ አሸዋ ጨመረልህ።»

ይሁኔ አንገቱን ደፋ።

«እኔም አለችኝ አንዲት» አሉ የኔታ። «አምና የመጽሐፍ ሣጥን ሠርተህ ያመጣህልኝ ቀን፣ ‘ከእንግዲህ የኔታ የሚያነቡበት ዓይን የላቸውም፣ ለጌጥ ነው’ ብለህ በተማሪዎቼ ፊት ሳቅህ። ከፋኝ። ለማንሣት ደግሞ አፈርኩ፤ በዚህ ሽበቴ። ከዚያ ወዲህ በመጣህ ቁጥር ዓይኔ ደከመኝ እያልኩ ቶሎ እሸኝሃለሁ። ዓይኔ ደህና ነው።»

ይሁኔ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «እኔ እኮ እንዳላደክምዎ ብዬ ነበር መምጣቴን የቀነስኩት» አለ።

«አውቃለሁ። ያ ነበር አሸዋው።» እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ። «ይኸው አየሃት፣ ወጣችልኝ። በል ሂድ፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።»

ይሁኔ ወጣ። መንገዱ የሚከፈልበት ዋርካ ሥር ሲደርስ ወደ ራሱ ቤት የሚወስደውን ትቶ ወደ ወንድሙ ቤት በሚያወጣው ዳገት ሄደ።