የሐምሌ ሙሽሮች

ትርሲት በኮምፒውተር የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እየሠራች ለባሕር ማዶ ሰዎች ትልካለች። አሁን የያዘችው የአንዲት ዶሮ ታሪክ ነው። ከጎረቤቶቿ ግማሾቹ «ጉልበትሽን በርካሽ ወሰዱት»፣ ግማሾቹ ደግሞ «የሰው አገር ሰው እንጀራ ነጠቅሽ» ቢሏት ግራ ገባትና ወደ ድሮ መምህሯ ሄደች። «መምህር፣ ሥራውን ልተወው ወይስ ልቀጥል?» አለቻቸው። ሳቅ ብለው ተረት ጀመሩላት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸማኔ ነበረ። የጥር ሰርግ ሲቃረብ ምሳ የሚበላበት ጊዜ ያጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የሚያገባ የለምና ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። አንድ ሐምሌ ላይ ችግር ጠናበትና የሽመና ዕቃውን ሸጦ ተሸካሚ ሊሆን ቆረጠ። የአባቱን መወርወሪያ በጨርቅ ሲጠቀልል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ከባሕር ማዶ መልእክት አመጣለት። እዚያ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ በእነሱ አገር ሐምሌ የሰርግ ወቅት ነውና ሸማኔ አልበቃ ብሏት ሙሽሮችን እየመለሰች ነው። «ነጭ ሸማ ሥራልኝ፤ ጥለት አይኑረው» ብላለች።

ሸማኔው ደነገጠ። «ጥለት የሌለው ነጭ? ይህ መግነዝ ነው እንጂ የሙሽራ ልብስ ነው?» ሸምኖ ሸምኖ ጫፉ ላይ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው፤ ጣት የምታህል አረንጓዴ ጥለት ጣል አደረገበት። ጎረቤቶቹ «ያላዘዙህን! አሁን አሽቀንጥረው ይመልሱልሃል» እያሉ ሳቁበት። ነጋዴው ሸማውን አድርሶ እስኪመለስ ልቡ አላረፈም።

ነጋዴው መጣና «ሙሽሮቹ ሁሉ ያቺን አረንጓዴ ይላሉ፤ ሰፊዋም ሥራው በዝቶላት ሁለት ረዳት ቀጠረች» አለው። ሸማኔው ከደስታው ብዛት አቅፎ ሊያፍነው ነበር። መወርወሪያዋም ዳግመኛ በጨርቅ አልተጠቀለለችም።

የአገሩ ሰርግ ተቃረበ። እሱ ሸማውን ቢያደርስም የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ሥራ በዝቶባቸው «አንደርስም» አሉ። አንዲት የሙሽራ እናት «ልጄን ራቁቷን ልዳራት ነው?» ብላ ደጁ ላይ አለቀሰች። ሸማኔው ይህን ጊዜ ያቺን ሴት አሰበ። የእኛ የሰርግ ወቅት ለእሷ ሰርግ የሌለበት ክረምቷ ነው፤ መርፌዋን ሰክታ ተቀምጣለች። ሸማውን በነጋዴው እጅ ላከላት።

ቀሚሱ ለሰርጉ ደረሰ። የአንገቱ አሰፋፍ የሰው አገር ነውና አሮጊቶቹ አጉረመረሙ። ሙሽራዋ እስክስታ ስትወርድበት ግን ማጉረምረሙን ትተው እልል አሉ።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ። «ሸማኔው አንቺ ነሽ ልጄ፤ ሥራ የሚልኩልሽም እንደ ሰፊዋ ናቸው። ማንም የማንንም አልነጠቀም፤ ያንዱ ሥራ መፍታት ከሌላው ሥራ መብዛት ጋር ተገናኘ እንጂ። ስለዚህ ቀጥዪ። ዋጋሽን ግን አታርክሺ፤ የራስሽንም ጥለት ጣል አድርጊበት። ሥራ የበዛብሽ ቀን ደግሞ ሰው አትመልሺ፤ እዚያ ማዶ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አይጠፋምና ላኪለት።»

ትርሲት ሳቀች። «እንግዲያው ዶሮዋ ነጠላ ትልበስ?»

«ትልበስ እንጂ!» አሉ መምህሩ። «ጥለቱም አረንጓዴ ይሁን።»