ኮርቻውን ያወረደው ባሻ

ልጆቼ፣ ድሮ፣ የአያቶቻችን አያቶች ጎረምሳ በነበሩበት ዘመን፣ በቀጨማ አገር ባሻ እንግዳው የሚባል የጦር ፈረሶች ሐኪም ነበረ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ንግግር አያበዛም። የታመመ ፈረስ ሲያመጡለት ትንፋሹን ያሸታል፣ ሆዱ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ቅጠል ይወቅጣል። ፈረሱ ይድናል። ሰው ግን ያመሰግነውና ዞር ብሎ፣ «ማዳን የሚያውቅ መግደል አይጠፋውም» ይላል።

በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ፈረሰኞቹ ሦስት ቀን ይወዳደሩ ነበር። አንድ ዓመት ባሻ እንግዳው፣ እኔም እገባለሁ አለ። ይህን ሲሰማ ባላምባራስ ጓንጉል ጠረጠረ። ጓንጉል ተሸንፎ የማያውቅ ጋላቢ ነው። የሁላችንን ፈረስ እግር የሚዳስስ ሰው እንዴት ይወዳደረናል ብሎ፣ ዳማ ፈረሱን ማንም እንዳይነካበት አዘዘ።

በመጀመሪያው ቀን ፈረሶች በሽማግሌዎች ፊት በእርጋታ ይራመዳሉ። የጓንጉል ዳማ ደነበረ። የእንግዳው ጥቁር ፈረስ፣ ጉራቻው፣ ግን ታቦት እንደሚከተል ቄስ ዝግ ብሎ አለፈ። ያለ መድኃኒት እንዲህ የሚረጋ ፈረስ የለም አለ ጓንጉል በልቡ።

በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገት ይወጣሉ። እንግዳው ሲመራ ቆይቶ ዳገቱ ላይ ከፈረሱ ወረደ፤ ጉራቻው እንዳይደክምበት እየሳበው በእግሩ ወጣ። ጓንጉል አለፈው። ሲያልፈው ግን ደስ አላለውም። የማይቸኩል ሰው አንድ ነገር ሠርቷል አለ በልቡ።

ሦስተኛው ቀን የድንጋይ ካብ የሚዘለልበት ነው። ጠዋት ጓንጉል ፈረሱን ሲጭን እንግዳው መጣ። ትናንት ዳማው ዳገቱ ላይ ሲያልፈው እግሩን ሲቆጥብ አይቶት ኖሯል።

«ባላምባራስ፣ ዛሬ አያዝልሉት። የግራ ፊት እግሩ ጅማት ተጎድቷል። ካቡ ላይ ይሰበራል፣ እርስዎንም ይዞ ይወድቃል።»

«እኔ ስቀር የሚያሸንፈው ማን ነው? አንተ አይደለህም?» አለው ጓንጉል።

እንግዳው ወደ ጉራቻው ሄደ። ሕዝቡ እያየ ኮርቻውን ፈትቶ መሬት አስቀመጠ፣ ልጓሙን አወለቀ፣ ፈረሱን ወደ ሣሩ ለቀቀው። ከዚያ ተመልሶ መጣ።

«አሁን እኔም የለሁበትም። እግሩን ይዳስሱት» አለ።

ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ዳሰሰ። ጅማቱ አብጦ እንደ ፍም ይፋጃል። እጁን ሳያነሳ ብዙ ቆየ። ቀና ማለት አፍሮ ነው ይላሉ።

ሁለቱም ስለቀሩ የዚያን ዓመት ያሸነፈው ስሙ እንኳ የተረሳ ሰው ነው።

ዛሬም በቀጨማ ፈረሰኛ ካብ ከመዝለሉ በፊት የፈረሱን እግር የሚያስዳስሰው ለወዳጁ አይደለም፣ ለተወዳዳሪው ነው። እኛም ሰው ሊመክረን ሲመጣ አስቀድመን እንጠይቀዋለን፤ «ኮርቻህን አውርደሃል?» እንለዋለን።