ዳንቴል የለበሰችው ቦርድ

በእኛ ሰፈር ልጁን ከእቅፉ አላወርድ ያለ አባት ሲያዩ ሰዎች የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎች ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። የመጣችው ግን ከንጋቱ ማሽን ነው።

ንጋቱ ከአሮጌ ፕሪንተር ሞተሮች እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ሠራ። ኃይሉን ከተጣለ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አገኘ። ሞተሮቹን በትንሽ በትንሹ የምታራምዳቸው ድራይቨር የሚሏት መዳፍ የማትሞላ ቦርድ ናት። እሷ ደግሞ ስትሠራ እንደ ካውያ ስለምትግል አናቷ ላይ ትንሽ ፋን ገጠመላት።

አንድ ቅዳሜ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ጋሽ ክንዴ ማሽኑን ሊያዩ መጡ። ስማቸውን አሳምሮ ከቀረጸ ለንጋቱ ከሥራ ቤታቸው ቦታ ሊሰጡት ቃል ገብተዋል። እናቱን እትዬ ተዋበችን ደስታው አላስቀምጥ አላቸው። እንግዳ ፊት ሽቦ ተራቁቶ አይታይም ብለው የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አነሡና ቦርዷን ከነፋኗ አለበሷት። ንጋቱ አይቷል። እናቱን እንግዳ ፊት ማሳፈር ከብዶት ዳንቴሉን እንዳለ ተወው።

ማሽኑ ተነሣ። ስለቱ «ክ»ን ቀርጾ ወደ «ን» ሲሻገር ጋሽ ክንዴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይሄ ነገር እጅ አለው እንዴ?»

«ገና ምን አይተው፣ ጋሼ» አሉ እናቱ።

ወዲያው ሞተሩ አቃሰተና ቆመ።

«ደከመው መሰለኝ» አሉ ጋሽ ክንዴ፣ መልሰው እየተቀመጡ።

«ኃይል አንሶት ነው።» ንጋቱ እጁን ከዳንቴሉ ሥር ሰዶ የኃይል ማስተካከያዋን ብሎን አዙሮ ኃይሉን ጨመረ። ማሽኑ ጥቂት ተንፈራገጠና እንደገና ቆመ። የሚቃጠል ክር ሸተተ። ንጋቱ ጆሮውን አቀና፤ የፋኑ ድምፅ የለም።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ብሎ ዳንቴሉን ገፈፈው። ጫፉ ፋኑ ላይ ተጠምጥሟል።

«ራቁቷን ልትተዋት ነው?»

«ትተንፍስ፣ እማዬ።»

ክሩን ፈታ፣ ብሎኑን ወደ ነበረበት መለሰ፣ ቦርዷ እስክትበርድ ጠበቀ። ጣውላውን ገልብጦ ከመጀመሪያው አስጀመረው። ፋኑ እንደ ንብ ጮኸ፤ ስለቱ ከ«ክ» እስከ «ዴ» ሳይሰናከል ነጎደ። እትዬ ተዋበች እልል አሉ።

ጋሽ ክንዴ ስማቸውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሰኞ ማሽንህን ይዘህ ና» አሉት። «ዳንቴሉ ግን ቴሌቪዥኑ ጋ ይቅር።»

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ሰው የሚወደውን ነገር አላላውስ ሲል ባዩ ቁጥር፣ ጋሽ ክንዴ ያቺን ቦርድ እያስታወሱ፣ «ዳንቴል አልብሰው ትንፋሽ ነሷት» ይሉ ነበር።